ፍሬን

ከዚራ ነው። ምሽት አንድ ሰዓት። ግድግዳው ገና ይተነፍሳል፤
ቀን የዋጠውን ፀሐይ ሁሉ ማታ ለእኛ ይመልሳል።
እናቴ ወንበር አወጣች ደጅ፥ አራት፥ አንዱ እግሩ ሰባራ፤
ከኒሙ ሥር ተሰየሙ፤ ያው ሰዎች፥ ያው ቦታ፥ ያው ቢራ።

ወሬ አልቆባቸው ሳለ ጨዋታ አመጡ ጋሽ ድንበሩ፦
«እስቲ በሞቴ፥ በዕድሜያችሁ የጠጣችሁትን ክፉ መጠጥ ተናገሩ።»

ራሳቸው ቀደሙ፦ «የባቡር ፍሬን ያዥ ነኝ ያኔ፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ
አንድ መርከበኛ ከኮቱ አወጣ፥ ጠፍጣፋ ጠርሙስ፥ ቀለሙ ሰማይ።
ነፍታሊን ነፍታሊን ይሸታል። አንዴ ተጎነጨሁና
ደወሌን አለፍን፥ አይሻን አለፍን፥ ምላሴ የለችም ገና።»

ሻምበል ጥጋቡ ናቁት፦ «ይሄማ ጠበል ነው! እኛ ኦጋዴን በረሃ
የቁስል አልኮል በስኳር በጥብጠን፥ ሲጠፋ የሚጠጣ ውሃ፥
በብረት ቆብ ተቀባበልን። ሐኪሙ ሲፈልግ፥ እኛ ስንስቅ፤
አንዱማ አደረ ከግመል ጋር ስለ ደሞዝ ሲጨቃጨቅ።»

አቶ ሰይፈሚካኤል ሐረር ሰርግ ላይ የጠጡትን ጠጅ አነሡ፦
«ማር የሚባል አልነካውም፤ ስኳር አሳርረው ጠነሰሱ።
ንብ ብታየው፥ ስሜ ጠፋ ብላ ከሳ ትረታ ነበር።»

ልብስ ሰፊው አዩብ አይጠጡም፤ በሚሪንዳቸው ይፈርዳሉ።

እኔ ከውስጥ ብርጭቆ ሳጥብ፥ አንድም ሰው ወደዚያ አላየ፤
ከመደርደሪያው ላይ ካለችው ጠርሙስ ዓይናቸው አውቆ ተለየ።

አባቴ ነው የሠራት። ባቡሩ ቆሞ፥ ወርክሾፑ ሲዘጋ
የመዳብ ቱቦ ተሸክሞ ገባ፥ የሠላሳ ዓመት ዋጋ።
ሁመር ዘፈዘፈ፥ የቁልቋል ፍሬ፥ ከገበያ የወደቀ ቴምር ጨመረ፤
ጓሮ ቁጭ ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ ቆጠረ።
«ኤክስፕሬስ» ብሎ በቀይ ቀለም ስሟን ጻፈባት።
ጉሮሮ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም፥ ሰፈሩ «ፍሬን» አላት።

ጣዕሟ? የዛገ ምስማር፥ የጎማ ጭስ፥ የፍየል ቆዳ ዝናብ የመታው፤
መጨረሻ ላይ ደግሞ ትንሽ ጽጌረዳ፤ እሱ ነበር የባሰው።

ማንም ትከፋለች አላለም። አንዳንድ ብርጭቆ ጠጡለት፤
ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «እጅህ ይባረክ!» አሉት፤
ሒሳብም ከፈሉ። ግን ዓመት ሙሉ፥ እስኪታመም፥ እስኪተኛ፥
ድገመኝ ያለው ሰው የለም። አልተቀዳም ሁለተኛ።

«ሽታ ከሆነማ» አሉ አዩብ፥ «ባልጠጣም እኔ አውቃለሁ፤ የዚህ ቤት—»
ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጫማ ነካቸው። ጎረሷት ቃሏን በድንገት።

ዝም አሉ። ባጃጅ አለፈ። ውሻ ጮኸ ከሳቢያን በኩል።

እናቴ ከደጃፉ ቆማ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች፤
«ውሸታሞች! ከወልደሰንበት መጠጥ የሚከፋ በየት አገር አለ?» አለች።
ጠርሙሷን አወረደች፥ አቧራዋን በቀሚሷ ጫፍ አበሰች፤
በሻይ ብርጭቆ ለየሰዉ ግማሽ ጣት፥ ግማሽ ጣት ቀዳች።

ሻምበል የወንበሩን ክንድ ጨበጡ፥ ፈንጂ እንደሚጠብቅ ሰው።
አቶ ሰይፈሚካኤል «ያቺን ንብ ይቅርታ ልጠይቃት» አሉ፥ ሳል እየቆረጣቸው።
እናቴም ቀመሰች። ፊቷ እንደ ሎሚ ልጣጭ ተሸበሸበ፤
«ምን አድርጎኝ ነው» አለች፥ «ይሄን ሰው ያገባሁት?» ሳቁ ተደራረበ።

ጋሽ ድንበሩ አልሳቁም።
«ፍሬን» ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ነበሩ፤ ያንን አልረሱም።
ጠርሙሷን አዩ፤ የቀረው ከታች ጥቂት ነው።
አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤
ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ወደ እናቴ ገፋ አደረጉ።

«ድገሚኝ» አሉ።